ክረምትና ልዩ ትምህርት፦ ከቃል ትምህርት እስከ ነጠብጣብ ፊደል

የአንድ ኅብረተሰብ የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ስለተከፈቱት ትምህርት ቤቶች፣ ስለተመረቁት ተማሪዎችና ስለታተሙት መጻሕፍት ብዙ ይነገራል። ትምህርት ቤቱ በሚዘጋበት ወራት ተማሪው የት እንደዋለ፣ ማን እንዳስጠናው፣ የተማረውን ይዞ ይመለስ ወይስ አስረስቶ ይምጣ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ጥያቄው ለማንኛውም ተማሪ የሚገባ ነው። ለአካል ጉዳተኛው ተማሪ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ለእርሱ ትምህርት ቤት ማለት ጥቁር ሰሌዳና ደወል ብቻ አይደለምና። ዓይነ ስውሩ በጣቱ የሚያነብበት፣ መስማት የተሳነው በእጁ የሚነጋገርበት፣ የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየው ልጅ እየተደጋገመ የሚለማመድበት ብቸኛ ሥፍራ ትምህርት ቤቱ ሊሆን ይችላል። ያ ሥፍራ ሰኔ ላይ ሲዘጋ አብረው የሚዘጉ ብዙ ነገሮች አሉ።

በዚህ ጽሑፍ ይፋግንና የጣናን ዙሪያ መነሻ በማድረግ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ በተለይም የክረምቱ የዕረፍት ወራት በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው እንመለከታለን።

የይፋግ ክረምት

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት አገሩን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች ትልቅ ገበያዋን፣ የቀረጥ ኬላዋንና የወይን ተክሏን ጠቅሰዋል። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው ነጋዴ አሞሌውንና ጨርቁን ይዞ የሚያርፍባት፣ ወሬም እንደ ሸቀጥ የሚለዋወጥባት ከተማ ነበረች። ከጉና ተራራ የሚነሣው የርብ ወንዝም በዚሁ አካባቢ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል።

ክረምት ሲገባ የዚህ አገር መልክ ይለወጣል። ርብ ሞልቶ ከዳርቻው ይወጣል፤ በሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ በበጋ ሕፃን የሚሻገረው መንገድ ለጎልማሳም ያስቸግራል። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው በዚህ ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የእርሻና የአረም ወራት በመሆናቸው ለገበሬው ልጅ ዕረፍት ማለት የሥራ ለውጥ ማለት ነው፤ ከደብተር ወደ ሞፈር፣ ከክፍል ወደ ከብት ጥበቃ ይሸጋገራል። በሥራውም የቤተሰቡ ሙሉ አባል ሆኖ ይቆጠራል።

የዓይነ ስውሩ ልጅ ክረምት ግን ሌላ ነው። አረሙን ከቡቃያው ለይ፣ ከብቱን ከአዝመራው መልስ የሚለው ሰው እምብዛም አይገኝም። በበጋው በእግሩ ያጠናው መንገድ በጭቃና በጎርፍ ይለወጥበታል። ወንድሞቹና እኅቶቹ ሥራ ላይ ስለሚውሉ እጁን ይዞ የሚመራው አያገኝም። ስለዚህ ከትምህርቱም ከሥራውም ተለይቶ ከምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። ለሌላው ልጅ የሥራ ወቅት የሆነው ክረምት ለእርሱ የመጠበቅ ወቅት ይሆናል ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ ልጆች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ያህሉ ደግሞ የማየት ኃይሉ የደከመ መሆኑን አመልክቷል። በዚሁ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ሲሆን 11.5 በመቶ ያህሉ ትራኮማ ያስከተለው ነው። በቀደመው ዘመን ደግሞ ፈንጣጣ የብዙ ሕፃናትን ዓይን አጥፍቷል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ፈንጣጣ ጠፋ፤ በኩፍኝና በቫይታሚን ኤ እጥረት ምክንያት የሚታወሩ ሕፃናት ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላም የቀጠለ ችግር ሆኗል።

የቃል ትምህርት ቤት

ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው ከውጭ በመጡ ሰዎች ነው የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ልዩ ትምህርት ቤት ማለት ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተሠራ ቤት ከሆነ አነጋገሩ ትክክል ነው። ዓይነ ስውር ተምሮ ለመምህርነት የሚበቃበት ሥርዓት ነበረ ወይ ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ ከዚህ እጅግ ይርቃል።

የጣና ዙሪያ የትውፊታዊው ትምህርት እምብርት ነው። በምሥራቅ በኩል ቤተልሔም በድጓዋ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕቷ፣ በሰሜን ጎንደር በአቋቋሟና በመጻሕፍት ትርጓሜዋ፣ ከዓባይ ማዶ ዋሸራ በቅኔዋ የታወቁ ናቸው። ከይፋግ ብዙ የማይርቀው የፎገራው ናበጋ ጊዮርጊስም በቅኔያቸውና በቀልዳቸው ዝናቸው የተሰማው የአለቃ ገብረ ሐና አገር ነው። የአለቃ ጨዋታ በአብዛኛው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በብራና ሳይሆን በአፍ ነው። ይህም የአካባቢው ዕውቀት ምን ያህል በጆሮና በአፍ ይኖር እንደነበረ ያሳያል።

ለዓይነ ስውሩ በሩን የከፈተለት ይኸው የቃል ባሕርይ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው ብራና ገልጦ አይደለም። ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፤ የኔታ ያቃናሉ፤ ግስ ያስገስሳሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ልቡና፣ ጆሮና አንደበት ነው። በዜማ ቤትም ምልክት ያለው መጽሐፍ ቢኖርም ትምህርቱ የሚጸናው በተደጋጋሚ በማዜም ስለሆነ፣ ዓይናማው ጓደኛ መጽሐፉን እያየ ሲያነብለት ዓይነ ስውሩ በቃሉ ይይዘው ነበር። በልዋጩም ቀድሞ ያጠናውን ለጓደኛው ያስቀጽለዋል። መሪና ተመሪ፣ አስጠኚና አጥኚ በየተራ ይሆናሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዓይነ ስውር ለክህነት አገልግሎት ባይታጭም ለመምህርነት ግን የሚያግደው አልነበረም። ስለዚህም ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች ዓይናሞችን ሰብስበው ማስተማራቸው በዚህ አገር እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመን የዚህ ትምህርት ቤት የጊዜ አያያዝ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ከትምህርት የሚታረፍባቸው ቀናት ናቸው። ይሁን እንጂ ሰኔ ላይ ተዘግቶ መስከረም ላይ የሚከፈት በር አልነበረም። ተማሪው የሚኖረው ከየኔታ ደጅ፣ በሠራት ጎጆ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ጎጆውም፣ ጓደኛውም፣ የኔታም እዚያው ናቸው። ትምህርቱን ከሚያገኝበት ሥፍራ የሚነቅለው የጊዜ ሰሌዳ ባለመኖሩ፣ ያጠናውን ደጋግሞ የሚያሰማው ሰው አያጣም ነበር።

የዚህን ሥርዓት ደግ ጎን ስናነሣ ክፉ ጎኑን መሸፈን አይገባም። የቃል ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውሩ በሩን ሲከፍት መስማት ለተሳነው ልጅ በሩን ዘግቶበታል፤ በጆሮ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት ጆሮው ለማይሰማ ምንም አይፈይድምና። ልጃገረዶችም ከጥቂቶች በቀር የዚህ ማዕድ ተካፋይ አልነበሩም። ተማሪው የሚኖረው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በሚለምነው ቁራሽ ስለነበር፣ እግሩ ለማይራመድ ወይም መንገዱን ለማያይ ልጅ ረኃቡም የውሻው ንክሻም ከሌላው ይበዛበታል። ተማረ የምንለው ይህን ሁሉ ተቋቁሞ የቀረው ነው፤ በመንገድ የቀረውን ማን ይቆጥረዋል?

ይህ ዓይነቱ ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። በላይኛው ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1889 የተወለደው ጣሃ ሑሴን በሕፃንነቱ ዓይኑን አጥቶ ቁርአንን በቃሉ አጥንቶ አል አዝሃር ገብቷል። በመጨረሻም ታላቅ ደራሲና እ.ኤ.አ. በ1950 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። የእርሱንም የመጀመሪያ በር የከፈተው የቃል ትምህርት ነው።

ፊደል በጣት ሲነበብ

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በነጠብጣብ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 በፓሪስ አጠገብ የተወለደው ሉዊስ ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በደረሰበት አደጋ ዓይኑን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1829 ስድስት ነጠብጣቦችን እያቀያየረ የሚጻፍ፣ በጣት የሚነበብ ሥርዓት አሳተመ። ከስድስቱ ነጠብጣቦች 63 ምልክቶች ብቻ ይወጣሉ። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በየሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ስለሆነም በአማርኛው ብሬል አብዛኛው ሆሄ በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ተነባቢው ይቀድማል፣ አናባቢው ይከተላል። ዓይናማው «ለ»ን፣ «ሉ»ን፣ «ሊ»ን እንደ ተለያየ ቅርጽ ሲያያቸው ዓይነ ስውሩ የአንድ ተነባቢና የተለያዩ አናባቢዎች ጥምረት አድርጎ ይዳስሳቸዋል። የፊደላችንን ውስጣዊ አሠራር በጣቱ ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አጻጻፉም የራሱ ጥበብ አለው። ወፍራም ወረቀት በስሌት ላይ ይወጠርና በስታይለስ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጠብጣቡ ጎብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ይህን የተማረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ዓይን ሳይበደር ለብቻው ማንበብ ይችላል። የቃል ትምህርት ቤት ይህን ነፃነት ሊሰጠው አልቻለም ነበር።

ለዓይነ ስውራን የተለየው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት በ1917 ዓ.ም. ገደማ በወለጋ ደምቢ ዶሎ በአሜሪካውያን ሚስዮናውያን እንደተጀመረ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በሰበታ፣ በሻሸመኔና በሌሎችም ሥፍራዎች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። መስማት ለተሳናቸውም እንዲሁ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ የቃል ትምህርት ቤት የዘጋው በር በምልክት ቋንቋ ተከፈተ። ልጃገረዶችም ገቡ። በ1974 ዓ.ም. በወሎ ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በሻሸመኔው ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት መቀበላቸው ለዚህ ሕያው ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ አዲሱ ሥርዓት የሰጠው ብዙ እንደሆነ ሁሉ ያሳጣውም አለ። የቅኔ ተማሪ ትምህርት ቤቱን በልቡ ተሸክሞ ይዞራል። የብሬል ተማሪ ግን ወፍራም ወረቀት፣ ስሌት፣ ስታይለስና በብሬል የታተመ ትልቅ መጽሐፍ ይፈልጋል። እነዚህ የሚገኙት በትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ነው። የምልክት ቋንቋ ተማሪም ቋንቋውን የሚያውቁ ጓደኞች ያስፈልጉታል፤ የሚገኙትም በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ከወሎ ሻሸመኔ ምን ያህል እንደሚርቅ ላሰበ፣ ልጁ ከትምህርቱ ጋር የሚገናኝበት ድልድይ ምን ያህል ቀጭን እንደነበረ ይገባዋል።

በሩ ሲዘጋ

ክረምቱ ይህን ድልድይ የሚቆርጠው እንዴት እንደሆነ በየወገኑ እንመልከት። ዓይነ ስውሩ ልጅ ቤቱ ሲገባ በጣቱ የሚያነብበው አንድም ገጽ ከሌለ የጣቱ ስሜት ይደክማል፣ የንባቡ ፍጥነት ይቀንሳል። መስማት የተሳነው ልጅ ከወላጆቹ ጋር የሚግባባው በጥቂት የቤት ምልክቶች ብቻ ከሆነ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲሰፋ የቆየው ቋንቋው «ብላ»፣ «ና»፣ «ተኛ» ወደሚሉት ይጠብባል። የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየው ልጅ ልብሱን ለብቻው መልበስን ወይም ገንዘብ መቁጠርን በብዙ ድግግሞሽ ተምሮ ከሆነ፣ ድግግሞሹ ሲቋረጥ ልማዱም ይፈርሳል። መስከረም ሲጠባ መምህሩ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ካለፈው ዓመት መጀመሪያ አጠገብ ይነሣል።

ይህ ጉዳይ በሌላው ዓለም በፍርድ ቤት ጭምር የተመረመረ ነው። በአሜሪካ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማ ትምህርት በነፃ እንዲያገኙ የሚያዝዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጥቶ ነበር። የፔንሲልቬኒያ ግዛት ግን ትምህርት በዓመት ከ180 ቀን አይበልጥም የሚል ደንቡን አጸና። ከባድ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ ልጆቻችን በዕረፍቱ ወራት የሚያስረሱትን ለመመለስ ከሌላው ልጅ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስድባቸዋል ሲሉ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1979 «አርምስትሮንግ በክላይን ላይ» በተባለው ክስ ፍርድ ቤቱ ለወላጆቹ ፈረደ፤ በተከታዩ ዓመትም የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። ለሁሉም አንድ ዓይነት የቀን ቁጥር መስጠት እኩልነት ቢመስልም፣ ለአንዱ በቂ የሆነው ለሌላው ትምህርቱን የሚያፈርስ ከሆነ እኩልነት አይደለም ማለት ነው። የተራዘመ የትምህርት ዓመት የሚባለው አገልግሎት የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

ክረምት የትምህርት ወቅት በሆነ ጊዜ

በሀብት ከማንመስለው አገር የመጣ ምሳሌ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱን ግን ከራሳችን ታሪክ እናገኘዋለን። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በክረምቱ ወር ነው። በ1966 ዓ.ም. ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ 93 በመቶ ይደርስ እንደነበረ በመንግሥት ይገለጽ ነበር። መምህራንና ተማሪዎች በየቀበሌው ተሰማርተው፣ ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቶ፣ ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አስገኝቷል። ስለዚያ ዘመን ሌላው ፍርድ ምንም ይሁን ምን አንድ ነገር ተረጋግጧል። ጭቃው፣ ጎርፉና የእርሻው ሥራ ሳያግደው ክረምት የትምህርት ወቅት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ዛሬም ከዓይናችን ፊት ነው። በ1965 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሥራ የጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚበቁ ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቶ፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዚህ ተቋም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ይሰጣል። በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ዕውቀታቸውን ለማሻሻል ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡትም በክረምት ነው። እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ያያል። መምህሩ አካል ጉዳተኛ ተማሪን እንዴት እንደሚያስተምር በባሕር ዳር አዳራሽ ተቀምጦ በሚማርባቸው ሳምንታት፣ ተማሪው ከሐይቁ ማዶ ካለ መምህር ተቀምጦ መስከረምን ይጠብቃል። መምህርም አለ፣ ተማሪም አለ፣ ጊዜም አለ። የጠፋው እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኝ ዕቅድ ነው።

ይህ ዕቅድ የሕግ መሠረት አያጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደየችሎታቸው እንዲማሩ በዓላማነት አስፍሯል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በስፔይን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ሕፃናት እንዲቀበሉ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በእነዚህ ሰነዶች የተጻፈው መብት በሰኔ የሚያልቅ፣ በመስከረም የሚታደስ አይደለም።

የበር መዘጋት ነገር ከክረምቱም አልፎ የመጣበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ወራት ሲቆዩ፣ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ተሞከረ። ራዲዮ ለዓይነ ስውሩ ወዳጅ ነው፤ መስማት ለተሳነው ግን ዝምታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም ልጅ ይጎዳል፤ ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ ከትምህርት ገበታ የሚጠፋው፣ ከሁሉ ዘግይቶም የሚመለሰው፣ መንገዱን ለብቻው የማይሄደው ልጅ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ትምህርት እንዴት ይቀጥላል የሚለው ጥያቄ የዕረፍት ወራት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ከታሪኩ የሚወሰደው

ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች የምንማረው አንዱን አንግሦ ሌላውን መጣልን አይደለም። የቃል ትምህርት ቤት ያልተቋረጠ ትምህርትን፣ አብሮ መኖርንና የጓደኛን እጅ ሰጥቷል፤ በልመናና በመገለል ግን አስከፍሏል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ለብቻ ማንበብን፣ የምልክት ቋንቋንና ለልጃገረዶች ዕድልን ሰጥቷል፤ በጊዜ ሰሌዳው ግን ለሦስተኛ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ይበትናል። የሚያስፈልገው የሁለተኛውን መሣሪያ በመጀመሪያው ቀጣይነት ማስኬድ ነው።

ይህም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ሰኔ ላይ ሲሰናበት ስሌቱን፣ ስታይለሱንና ወፍራም ወረቀቱን በውሰት ይዞ እንዲሄድ ማድረግ የመጋዘን ደንብ ማሻሻል እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። በዚያው ሰፈር የሚኖር አንድ ዓይናማ የክፍል ጓደኛ በሳምንት ሁለት ቀን መጽሐፍ እንዲያነብለት መመደብ የየኔታን ደጅ ልማድ ማደስ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ወላጆች ከዕረፍቱ በፊት መሠረታዊ የምልክት ቋንቋ እንዲማሩ ማድረግም ይቻላል። ለልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሠለጥኑት መምህራን የክረምቱን የተግባር ልምምዳቸውን ከእነዚሁ ልጆች ጋር ቢያደርጉ ሠልጣኙም ተማሪውም ይጠቀማሉ። ይፋግን የመሰለች የገበያ ከተማ ለዚህ ትመቻለች፤ ገበሬው ጭቃ ቢሆንም ገበያ አይቀርምና፣ ልጁን ይዞት ሊመጣ ይችላል።

የኪነ ጥበብ ሰውም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። ተረቱ፣ ድርሰቱና ጨዋታው በድምፅ ተቀርጾ ወደ ዓይነ ስውሩ ቤት ቢደርስ፣ ትያትሩ በምልክት ቋንቋ ቢታገዝ፣ ክረምቱ የባዶነት ወቅት መሆኑ ይቀራል። ባለሥልጣኑ በዕቅዱ፣ መምህሩ በትጋቱ፣ ደራሲው በብዕሩ ይህን ቢያስቡበት፣ መስከረም ሲጠባ ከይፋግ የሚመጣው ዓይነ ስውር ተማሪ ጣቱ ያልረሳውን ገጽ ገልጦ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል።